የመምህሩ ዲስኩርና የቤቱ መዝገብ

የእኅታችን ልጅ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከባለቤቱ ጋራ ወደ ቤታችን መጣ፤ ቡና ከተጠጣም በኋላ ከኪሱ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፥ እስቲ ይህን በችሎት ዓይን ይዩልኝ» አለን። ወረቀቱ ውል ነበረ። አንድ የንግድ ማኅበር በየወሩ በአንዱ ቅዳሜ ለተሰበሰቡት ሠራተኞቹ ዲስኩር እንዲያሰማ ይጠይቀዋል፤ ለእያንዳንዱም ዲስኩር የወር ደመወዙን እኩሌታ ያህል ሊከፍለው ቃል ይገባል። ልጁ ደስ ብሎት ነበረ፤ አንደበቱ የተፈታ፥ ጭንቁን ነገር በምሳሌ የሚያስረዳ ሰው ነውና ደስ ሊለው ይገባል። ባለቤቱ ግን ሲኒዋን አስቀምጣ እንዲህ አለችን፤ «ጋሼ፥ እኔ ገንዘቡን አልጠላሁም፤ የቤቱን ወጪ የምይዘው እኔ ስለ ሆንሁ የገንዘብን ጥቅም ዐውቃለሁ። ነገር ግን ሕፃናቱ አባታቸውን በደኅና የሚያገኙት ቅዳሜ ቀን ብቻ ነው። ይህ ቅዳሜ በውሉ ውስጥ በስንት ብር ተቈጠረ?»

በእውነቱ በውሉ ውስጥ አልተቈጠረም ነበር። ወዲያው መልስ ለመስጠት ስላልቻልን ወረቀቱን ለጥቂት ቀናት አስቀመጥነው። በዚህም መካከል ከብዙ ዘመን በፊት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስሙን የሰማነው፥ ኋላም በመጻሕፍት የተከታተልነው የአንድ መምህርና የቤተ ሰቡ ታሪክ ትዝ አለን። ለእኅታችን ልጅ የነገርነውን ለአንባብያንም ብንነግር የሚጠቅም መስሎናል።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ማጥራት ያሻል። ከአንባብያን አንዳንዶቹ «ዐዋቂ ሰው ዕውቀቱን ወደ ገበያ ያወጣልን?» ሳይሉ አይቀሩም። እኛም በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆነ ይህ አሳብ ከልባችን ሩቅ አይደለም። የቅኔ መምህራችን ከተማሪ ዋጋ አይቀበሉም ነበር፤ እኛም ቍራሽ ለምነን እየበላን እንማር ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወጥተን በችሎት ለመጻፍ ከተቀመጥን ወዲህ፥ ነገረ ፈጅ ስለ ባለ ጉዳዩ ቆሞ ተናግሮ ዋጋውን ሲቀበል ማንም ነውር ነው ብሎ ሲነቅፈው አልሰማንም። የሚነቀፈው የማያውቀውን የተናገረ እንደ ሆነ፥ ወይም ከሁለቱም ወገን የበላ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ መምህር ለዲስኩሩ ዋጋ ቢቀበል እኛ አንነቅፈውም። የምንጠይቀው ምን ከፍሎ እንደሚቀበለው ነው።

መምህር የኮሌጅ ደመወዙን እየበላ፥ በትርፍ ጊዜው ደግሞ በሕዝብ ፊት ዲስኩር እያሰማ ዋጋ የመቀበል ልማድ በአሜሪካ አገር እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1826 ጆሳያ ሆልብሩክ የሚባል ሰው በማሳቹሴትስ ግዛት በሚልበሪ ከተማ፥ ገበሬውና የእጅ ሠራተኛው ተሰብስቦ ትምህርት የሚሰማበትን ማኅበር አቋቋመ። ስሙም ሊሲየም ተባለ። ይህ ማኅበር ከከተማ ወደ ከተማ ከተባዛ በኋላ ተናጋሪ ስለ ተፈለገ፥ ደራስያንና የኮሌጅ መምህራን በክረምት ማታ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መዞር ጀመሩ። ከእነርሱም አንዱ በዬል ኮሌጅ ከ1802 እስከ 1853 ድረስ ያስተማረው የኬሚስትሪና የሥነ ምድር ሊቅ ቤንጃሚን ሲሊማን ነበረ።

በቦስተን ከተማ ደግሞ ሌላ በጎ ነገር ሆነ። ጆን ሎዌል የሚባል የባለጸጋ ልጅ በ1830 እና በ1831 መካከል ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን በሞት አጥቶ ብቻውን ቀረ። ኀዘኑንም ለመርሳት ከአገሩ ወጥቶ ሲዞር ግብጽ ደረሰ፤ በሉቅሶርም ፍርስራሾች አጠገብ ሳለ ኑዛዜውን አሻሽሎ ጻፈ። ከግብጽም ወደ ሕንድ ተጕዞ በ1836 በቦምቤይ ሞተ። ከሀብቱ እኩሌታውን የተናዘዘው ለቦስተን ሕዝብ በነጻ ዲስኩር እንዲሰማበት ነው፤ ሰሚው አይከፍልም፥ ተናጋሪው ግን ከውርሱ ገቢ ይከፈለዋል። ሲሊማን በ1840 በዚህ በሎዌል ድርጅት ሲናገር የሚሰማው ሰው እጅግ ስለ በዛ፥ በኋላም የመግቢያው ወረቀት በሚታደልበት ቀን ሕዝቡ ተጋፍቶ የመጻሕፍት መደብሩን መስኮቶች ሰበረ። ቤተ ሰቡን በሞት ያጣ ሰው ገንዘቡን ለዚህ ማዋሉ ልብ ይነካል።

ወደዚህ መድረክ ነው እንግዲህ በ1846 ሉዊ አጋሲ የመጣው።

አጋሲ በ1807 በስዊስ አገር የተወለደ፥ ወደ ድንጋይ የተለወጡ ዓሦችንና የበረዶን ግግር በመመርመር ስሙ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀ ሊቅ ነበረ። በ1832 በነሻቴል ከተማ መምህር ሆነ፤ በዓመቱም ሴሲል ብራውን የምትባለውን አገባ። ሴሲል እጅግ የተማረች ሠዓሊ ስለ ነበረች ለመጻሕፍቱ የዓሦቹን ሥዕል ትሥልለት ነበር። ነገር ግን የመምህሩ ደመወዝ ትንሽ፥ አሳቡ ግን ትልቅ ነበረ። ረዳቶችንና ሠዓልያንን በቤቱ ሰበሰበ፤ ማተሚያ ቤትም አቋቋመ፤ ዕዳውም ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ። ሦስት ልጆች የወለደችው ሴሲል ቤቷ በባልዋ ረዳቶች ተሞልቶ፥ ገበታዋም በእንግዳ ተከብቦ፥ በመጨረሻው በ1845 ወደ ወላጆቿ ዘመዶች ሄደች። አጋሲም በሚከተለው ዓመት ከፕሩሲያ ንጉሥ የጕዞ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ሴሲልን ዳግመኛ አላያትም፤ በ1848 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች።

በቦስተን የሆነው ግን ድንቅ ነው። አጋሲ እንግሊዝኛውን ገና በደንብ አልለመደም ነበር። ቃል ሲጠፋው ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ ዘወር ይልና በጠመኔ ዓሣውን ወይም ነፍሳቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሥለዋል፤ ሰዉም ከቃሉ ይልቅ እጁን እያየ ይደነቅ ነበር። አዳራሹ ስለማይበቃ አንዱን ዲስኩር ለሁለት ጉባኤ ሁለት ጊዜ ይናገረዋል። ከዚህም የተነሣ በ1847 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት ሰጠው፤ ደመወዙም በዓመት 1,500 ዶላር ሆነ። ከሌሎች ከተሞችም ጥሪ እየበዛ ሄደ። የዲስኩሩን ዋጋ እየሰበሰበ የአውሮፓውን ዕዳ መክፈል ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምንለው አለን። ሰው በአንድ ነገር ዐዋቂ ነው ተብሎ ጭብጨባ ከለመደ፥ በሌላውም ነገር ሊናገር ይደፍራል። አጋሲ በ1847 መጨረሻ ወደ ደቡብ ወደ ቻርልስተን ከተማ ሄዶ፥ ጥቁር ሕዝብ ከነጩ የተለየ ፍጥረት ነው ብሎ ተናገረ። የሚሰሙት ባለ ባሮች ነበሩ፤ መስማት የሚወዱትንም ሰሙ። በ1850 ይህን አሳቡን ለማስረዳት ብሎ በሳውዝ ካሮላይና ሰባት በባርነት የነበሩ ሰዎችን ልብሳቸውን አስወልቆ ፎቶግራፍ አስነሣቸው። ከእነርሱ ሬንቲ የሚባለው ሰውና ልጁ ዴሊያ ነበሩበት። ሊቅ የተባለው ሰው ስለ ዓሣ የተናገረው ብዙው እስከ ዛሬ ሲጠቅም፥ ስለ ሰው የተናገረው ግን ውሸት መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል። ሥዕሎቹም ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ በሃርቫርድ እጅ ኖረው፥ የሬንቲ ዘር ነኝ ያለች ሴት ከሳ ብዙ ዓመት ከተሟገተች በኋላ፥ በ2025 በተደረገ ስምምነት በቻርልስተን ወዳለው የአፍሪካ አሜሪካውያን ቤተ መዘክር እንዲተላለፉ ተወሰነ። በችሎት የምንሠራ ሰዎች እንደመሆናችን ይህን ነገር ስናነብ፥ አንድ ዲስኩር ከተናጋሪው ሞት በኋላ ስንት ዘመን ሊከሰስ እንደሚችል አየን።

ወደ ቤቱ ነገር እንመለስ። አጋሲ በ1850 ኤልሳቤጥ ኬሪ የምትባል የቦስተን ሴት አገባ። ኤልሳቤጥ ሴሲል የተወቻቸውን ሦስቱን ልጆች፥ እስክንድርን፥ ኢዳንና ፖሊንን እንደ ራሷ ልጆች አሳደገች። ነገር ግን እርሷም የገባችበት ቤት የዕዳ ቤት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። የሃርቫርድ ደመወዝ ለቤቱ አይበቃም፤ የጐደለው በዲስኩር ይሞላል፤ ለዲስኩሩ ደግሞ በብርድ በባቡርና በሠረገላ መጓዝ አለ፤ የተገኘውም ገንዘብ ወዲያው የዓሣና የቀንድ አውጣ መግዣ፥ የረዳትም ደመወዝ ይሆናል። ገቢው በጨመረ ቍጥር ወጪው ከእርሱ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። በክረምትም በቻርልስተን የሕክምና ኮሌጅ ሁለተኛ መምህርነት ተቀበለ፤ ግን በዚያ ትኵሳት ይዞት እስከ ሞት ስለ ታመመ ሥራውን ተወ። ሰውነቱ ደከመ፤ ዕዳው ግን አልደከመም።

ኤልሳቤጥ በዚህ ጊዜ ያሰበችው አሳብ ነው ይህን ታሪክ እንድንጽፍ ያደረገን። በ1855 የእንጀራ ልጆቿን እስክንድርንና ኢዳን ብቻ ጠርታ፥ አባታቸው ሳይሰማ መከረች። እስክንድር 19 ዓመቱ ነበር፥ ኢዳ ከእርሱ ታንሳለች። ምክሩም ይህ ነው፤ አባታቸው ሰሚ ፍለጋ አገር ለአገር ከሚዞር፥ ሰሚው ወደ ቤታቸው ይምጣ፤ በመኖሪያ ቤታቸው ላይኛ ክፍል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ይከፈት። ኪራዩ፥ ክፍያው፥ የመማሪያው ቦታ ሁሉ ከተሰላ በኋላ ለአጋሲ ነገሩት። እርሱም እጅግ ተደስቶ እኔም አስተምራለሁ አለ እንጂ አልተቈጣም። (አንዳንድ ባሎች «ያለ እኔ ፈቃድ!» ብለው ገበታ በገለበጡ ነበር።)

ትምህርት ቤቱ በካምብሪጅ በኩዊንሲ መንገድ ባለው ቤታቸው ተከፍቶ እስከ 1863 ድረስ ስምንት ዓመት ቆየ። ከቦስተን የሚመጡትን ልጃገረዶች የሚያመላልስ ሠረገላ ተዘጋጀ። እስክንድርና ኢዳ ያስተምራሉ፤ የሃርቫርድ መምህራንም እየመጡ ይረዳሉ። ኤልሳቤጥ ራሷ አታስተምርም፤ መዝገቡንና አስተዳደሩን ትይዛለች። አጋሲ ዕለት ዕለት ማለት ይቻላል ከላይ ወጥቶ፥ በከተሞች ይናገር የነበረውን ዲስኩር አሁን ከቤቱ ሳይወጣ ይናገራል። በዚያን ጊዜ ለሴት ልጆች እንዲህ ያለ ትምህርት ከታላቅ ሊቅ አፍ መስማት ብርቅ ነበረ። ኤልሳቤጥም ከኋላ ተቀምጣ የሚለውን ሁሉ ትጽፍ ነበር፤ ከዚህ ጽሑፏ ኋላ በመጽሔት የታተሙት ድርሰቶቹ ወጡ። በ1865 ወደ ብራዚል ሲጓዙ የዕለት ማስታወሻውን የያዘችው እርሷ ስለ ነበረች፥ በ1868 የታተመው የጕዞ መጽሐፍ በሁለቱም ስም ወጣ። አጋሲ በ1873 ከሞተ በኋላም ሥራዋ አልቆመም፤ ሴቶች በሃርቫርድ መምህራን የሚማሩበትን ኮሌጅ ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፤ ይህም ኮሌጅ በ1894 ራድክሊፍ ተብሎ ሲሰየም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እርሷ ነበረች።

ይህን ሁሉ ስንነግራቸው የእኅታችን ልጅ ባለቤት ፈገግ አለች፤ ልጁ ግን «እኔ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ላይኛ ክፍል የለኝም» ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው፤ የሁሉም ቤት አንድ አይደለም። ስለዚህ የሌላውንም መምህር ነገር ጨመርንለት። በለንደን የሮያል ኢንስቲትዩሽን የፊዚክስ መምህር የነበረው ጆን ቲንዳል፥ ከ1872 መጸው እስከ 1873 መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ ከተሞች ስለ ብርሃን 35 ዲስኩሮችን አሰማ። ልብ በሉ፤ በየከተማው አዲስ ነገር አይጽፍም፤ አስቀድሞ በሚገባ ያሰናዳቸውን ጥቂት ዲስኩሮች፥ በየከተማው እየደገመ ነው የተናገራቸው። ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የተረፈውን ከ13,000 ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ አንድም ሳይወስድ የአሜሪካ ወጣቶች ፊዚክስ እንዲማሩበት ሰጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቲንዳል በዚያን ጊዜ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ልግስና ከባለ ትዳር መምህር መጠየቅ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ወደ ውሉ ተመለስን። በችሎት ልማዳችን ቀይ እርሳስ ይዘን አንብበን፥ መጀመሪያ ያሰመርንበት «ርእሱን ማኅበሩ ይመርጣል» የሚለውን ነው። ልጁ የሚያስተምረው የውኃና የመስኖን ነገር ነው፤ ማኅበሩ ግን በአንዱ ወር ስለ ትዳር፥ በሌላው ወር ስለ ገንዘብ አያያዝ እንዲናገር ሊያዘው ይችላል። ይህን ለመሰረዝ ብዙ መከራከር አላስፈለገንም፤ የቻርልስተኑን ነገር ሰምቷልና።

ሁለተኛው «በየወሩ አዲስ ዲስኩር» የሚለው ነው። ባለቤቱ በጣቷ ቈጠረችለት፤ የሚናገረው ሁለት ሰዓት ነው፥ የሚዘጋጅበት ግን ሰባትና ስምንት ሌሊት፥ መሄጃና መመለሻውም ግማሽ ቀን። ይህ ሁሉ ለዋጋው ሲካፈል፥ ትልቅ የመሰለው ገንዘብ ከደመወዙ የሰዓት ሒሳብ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ዝም አለ። አራት ዲስኩር በደንብ አሰናድቶ ለልዩ ልዩ ጉባኤ ቢደግመው ግን፥ ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ድካሙ ይቀላል፥ ዋጋው አይቀንስም።

የቀረውን በአጭሩ እንናገር። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ከሥራ ውጭ ስለሚገኝ ገቢ የሚለውን አስቀድሞ ማንበብና ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበል፥ የማስተማሪያ ሰዓትንም አለመንካት ይገባል፤ ሰዉ የሚጠራው መምህር ስለ ሆነ ነውና፥ መምህርነቱ ከተበላሸ ጥሪውም ይቀራል። የመንገድና የማደሪያ ወጪ የማን እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚከፈል፥ ጉባኤው ቢፈርስ ለተዘጋጀበት ምን እንደሚከፈለው፥ የመንግሥት ግብር ከማን እንደሚቀነስ ሁሉ በውሉ ይጻፍ። በመካከል የሚገባ አገናኝ ካለም ድርሻው ይታወቅ። በ1868 ጄምስ ሬድፓት በቦስተን የተናጋሪዎች ወኪል ቢሮ ሲከፍት ከዋጋው ከአሥር አንድ እጅ ይወስድ ነበር፤ ለዚያም መንገዱን፥ አዳራሹንና ደብዳቤውን ሁሉ እርሱ ያሰናዳል። ስልክ ቍጥር ሰጥቶ ብቻ ሲሶ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ይህን ማስታወስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በውሉ ጫፍ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ነበረ፤ ማኅበሩ ዲስኩሩን በድምፅና በምስል ቀርጾ እንደ ወደደ ሊያሰራጨው ይችላል ይላል። አንድ ጊዜ ከተሰራጨ በኋላ ያንኑ ዲስኩር ለመስማት ማን ዳግመኛ ይከፍለዋል? ይህን ለብቻው ዋጋ ይቈረጥለት ብለን በጽሑፍ ጨመርን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልና ሚስቱ ተመልሰው መጡ። ማኅበሩ በዓመት አራት ዲስኩር፥ ሁሉም በውኃ ነገር፥ በረቡዕ ማታ እንዲሆን ተስማምቷል፤ ዋጋውን ግን በጥቂቱ ቀንሷል። ባለቤቱ አዲስ መዝገብ ገዝታ በአንዱ ገጽ የሚገባውን ብር፥ በሌላው ገጽ የሚያመሽበትን ሌሊት ለመጻፍ መስመር አስምራለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ገና ብር ሳይገባ ተጽፈው አየን። ስለ ቀረጻው ነገር ማኅበሩ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም።